ለዳታቤዝም ለደረሰኝም፦ የትኛውን መለያ ቁጥር ማመንጫ እንምረጥ?

የበቆሎ ግዥ በተጧጧፈበት ሰሞን፣ አንድ የጥር ሰኞ ጠዋት፣ ጅጋ አጠገብ ካለ መጋዘን ስልክ ተደወለልኝ። የመጋዘኗ ሠራተኛ ተጨንቃለች። ፊት ለፊቷ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ተጣጥፎ ጠርዙ ያለቀ ደረሰኝ ይዘዋል። ደረሰኙ «ቁጥር 417፣ 12 ኩንታል በቆሎ» ይላል። ታብሌቱ ላይ ግን 417 የሌላ ሰው ነው። ኩንታሉም 7 ነው።

«ልጄ፣ እኔ 12 ኩንታል ነው ያስረከብሁ። ይኸው ወረቀቱ» ሲሉ በስልኩ ይሰማኛል። «አያ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ» ትላቸዋለች።

ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነበርሁ። ሥራው ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ነው። እያንዳንዱ መጋዘን የራሱ ታብሌት አለው። ኔትወርክ በማይኖርበት ጊዜም መዝግቦ እንዲይዝ ብዬ፣ እያንዳንዱ ታብሌት ከ1 ጀምሮ ራሱ እንዲቆጥር አደረግሁ። ጅጋ በኩል ያለው 417 ደረሰ። ደምበጫ በኩል ያለውም 417 ደረሰ። ማታ ኔትወርክ ሲመጣ ሁለቱም ወደ አንድ ሰርቨር ላኩ። ኋላ የመጣው የፊተኛውን ደመሰሰው። ሽማግሌው ወረቀታቸውን ባይዙ ኖሮ 12 ኩንታላቸው ከመዝገብ ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ መለያ ቁጥር ብዙ አንብቤአለሁ፣ ብዙም ሞክሬአለሁ። እዚህ ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ለኅብረት ሥራ፣ ለፋርማሲ፣ ለትምህርት ቤት ፕሮግራም የሚሠሩ ልጆች በተደጋጋሚ የሚጠይቁኝም ይህንኑ ነው። «ዩዩአይዲ ልጠቀም ወይስ ተራ ቁጥር? ናኖ አይዲስ?» ይሉኛል። ዩዩአይዲና ናኖ አይዲ ኮምፒውተር የሚያመነጫቸው ረጅም መለያዎች ናቸው። የምመልሰውን እዚህ በዝርዝር ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ይታወቅ

አንደኛው፣ ቁጥሩ የሚወለደው የት ነው? አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ፣ አሥር ታብሌት ላይ ከሆነ ግን ታብሌቶቹ ሳይነጋገሩ የማይጋጭ ቁጥር ማውጣት አለባቸው።

ሁለተኛው፣ ቁጥሩን የሚያነበው ማን ነው? ማሽን ብቻ ከሆነ ርዝመቱ አያስጨንቅም። ሰው በስልክ የሚናገረው፣ በእስክሪብቶ የሚገለብጠው ከሆነ ግን 36 ምልክት አሸክሞ መላክ ግፍ ነው።

ብዙ ስህተት የሚመጣው ሁለቱን ሥራ ለአንድ ቁጥር ስንሰጥ ነው። እኔ አሁን ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር እሰጣለሁ። አንዱ ለዳታቤዙ፣ አንዱ ለሰው።

«ለምን ስሙን ወይም ስልኩን አንጠቀምም?» የሚል አይጠፋም። ስም አይሆንም። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ በአንድ ቀበሌ የራሱም የአባቱም ስም የሚመሳሰል ሦስት ሰው ማግኘት የተለመደ ነው። ፊደሉም አለ። አንዱ ጸሐፊ «ዓለሙ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «አለሙ» ይላል። ለሰው ያው ነው። ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። ስልክ ደግሞ ይቀየራል፤ ባልና ሚስት በአንድ ቁጥር የሚገለገሉበት ቤትም ብዙ ነው። የፋይዳ ቁጥር ሰውየውን ለማረጋገጥ ጥሩ ነው፤ የቴብላችን (የዳታቤዙ ሠንጠረዥ) ቁልፍ፣ ማለትም እያንዳንዱ መዝገብ የሚለይበት ቁጥር ግን አይሁን። ገና ያላወጣ ገበሬ በቆሎውን አህያ ላይ ጭኖ ሲመጣ ምን ልንጽፍለት ነው? የግል መረጃ ስለሆነም በየደረሰኙ መበተን የለበትም።

ተራ ቁጥር

1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄደው ነው። ዳታቤዙ ራሱ ይቆጥራል። ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ትልቁ ዓይነት እንኳ 8 ባይት ብቻ ነው። ሰው ያነበዋል፣ ይጽፈዋል፣ ያስታውሰዋል። አንድ ሰርቨር ብቻ ካላችሁ፣ ሁሉም በኔትወርክ እዚያው የሚመዘግብ ከሆነ፣ ለውስጥ ሥራ ከዚህ የተሻለ አትፈልጉ። እውነቴን ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ የአንድ ፋርማሲ ፕሮግራም ዩዩአይዲ ማስገባት ሥራ ማብዛት ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንዱን አይታችኋል፦ ቆጣሪው ከአንድ በላይ ከሆነ ይጋጫል። ሌላው ብዙ ነገር መናገሩ ነው። ሊንኩ መጨረሻ ላይ 417 ካለ፣ ማንም ልጅ 418 ብሎ ይሞክራል። የፈተና ውጤት ወይም የላብራቶሪ ውጤት በዚህ መንገድ ቢወጣ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ከዚህም ሌላ ቁጥሩ ብዛታችሁን ይናገራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንን የሚወጉት አገሮች የስታቲስቲክስ ሰዎች፣ ከተማረኩ የጀርመን ታንኮች ላይ ያገኟቸውን ተከታታይ ቁጥሮች ብቻ ይዘው ጀርመን በወር ስንት ታንክ እንደምታመርት አስልተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ከጀርመን መዝገብ ጋር ሲታይ ግምታቸው በጣም የተጠጋ ነበር። ሁለት ደረሰኝ በአንድ ሳምንት ልዩነት የቆረጠ ነጋዴም የእናንተን ግዥ እንደዚሁ ሊያሰላ ይችላል።

አጭር የዘፈቀደ ቁጥር፦ ብዙ ሰው የሚወድቅበት

ከ417 በኋላ መጀመሪያ የሞከርሁት ይህንን ነው። «ታብሌቱ በዘፈቀደ 6 አሃዝ ያውጣ፤ አንድ ሚሊዮን ቁጥር አለ፣ እኛ ያለን 5,000 አባል ነው፣ መቼ ይገናኛል?» አልሁ። ተገናኘ።

ሒሳቡን ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ሁሉንም ምርጫ የሚወስነው ይህ ነው። አዲስ የወጣ ቁጥር የሚጋጨው ከአንድ ቁጥር ጋር ብቻ አይደለም፤ ከእሱ በፊት ከወጡት ሁሉ ጋር ነው። 5,000 ቁጥር ካለ፣ ሁለት ሁለት እያደረግን ስናጣምራቸው ወደ 12.5 ሚሊዮን ጥንድ ይወጣል። እያንዳንዱ ጥንድ የመጋጨት ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ነው። እንግዲህ 12.5 ሚሊዮን ለ1 ሚሊዮን ሲካፈል ወደ 12 ግጭት ትጠብቃላችሁ። ቢያንስ አንድ ግጭት የመኖሩ ዕድል ግማሽ የሚደርሰው ገና 1,200 ገደማ ላይ ስትሆኑ ነው። ባለ 4 አሃዝ ከሆነማ 120 ገደማ ላይ ነው።

ስለዚህ «በዘፈቀደ» ብቻውን አይበቃም። የዘፈቀደው ስፋት ከብዛታችሁ ጋር ሳይሆን ከብዛታችሁ ካሬ ጋር ነው የሚመዘነው።

ዩዩአይዲ ቨርዥን 4

ዩዩአይዲ 128 ቢት ያለው ቁጥር ነው፤ አንድ ቢት 0 ወይም 1 ነው። አሠራሩ ብዙ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ቨርዥን ይባላል። ሲጻፍ 32 ምልክት ነው፤ ከ0 እስከ 9 ያሉት አሃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት የላቲን ፊደሎች ይገቡበታል። መካከል ላይ 4 ሰረዝ ሲጨመር 36 ይሆናል። ቨርዥን 4 ከ128ቱ ቢት 6ቱን ለቨርዥኑና ለዓይነቱ ምልክት ይተዋል፤ የቀረውን 122 ቢት በዘፈቀደ ይሞላል።

122 ቢት ምን ያህል ነው? በሰከንድ አንድ ቢሊዮን እያወጣችሁ ብትቀጥሉ፣ አንድ ግጭት የማየት ዕድላችሁ ግማሽ የሚደርሰው ከ86 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በጎጃም ያለ መጋዘን ሁሉ ቢመዘግብ እዚያ አይደርስም። ታብሌቶቹ መነጋገር አያስፈልጋቸውም። ጮቄ ሥር ያለው፣ ዓባይ ሸለቆ ዳር ያለው፣ እያንዳንዱ ብቻውን ያወጣል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይገናኛሉ፣ አይጋጩም። የእኔን ችግር በመጨረሻ የፈታው ይህ ዓይነት ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ እንደ ጽሑፍ አታስቀምጡት። በጽሑፍ 36 ባይትና ትርፍ ይወስዳል፤ በራሱ ዓይነት ካስቀመጣችሁት 16 ባይት ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ዩዩአይዲ የሚባል የራሱ ዓይነት አለው፤ ከፖስትግሬስ 13 ጀምሮም ያለ ተጨማሪ ጭነት ራሱ ያመነጭላችኋል። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ 16 ባይት ባይነሪ አድርጉት።

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። ቨርዥን 4 ተከታታይ አይደለም። ዳታቤዙ ኢንዴክሱን (መዝገብ የሚፈልግበትን ማውጫ) የሚያስቀምጠው በቅደም ተከተል ስለሆነ፣ እያንዳንዱ አዲስ መዝገብ በተለያየ ቦታ ይሰነቀራል። የሞላ ገጽ መካከል ሲገባበት ለሁለት ይከፈላል። ማይኤስኪውኤል ደግሞ ሙሉ መዝገቡን የሚያስቀምጠው በዋናው ቁልፍ ቅደም ተከተል ስለሆነ ይብሳል። ጥቂት ሺህ መዝገብ ላለው ይህ አይሰማም። ሚሊዮኖች ላይ ስትደርሱ፣ ሰርቨሩም ትንሽ ሚሞሪ ያለው ርካሽ ከሆነ፣ መዘግየቱ በደንብ ይታያል።

ዩዩአይዲ ቨርዥን 7፦ ዛሬ እኔ የምጀምርበት

ይህኛው አዲስ ነው። የዩዩአይዲ የቆየው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በአዲስ ተተካና ቨርዥን 6፣ 7 እና 8 ተጨመሩ። ከሦስቱ የሚጠቅማችሁ 7 ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የመጀመሪያው 48 ቢት ቁጥሩ የወጣበት ሰዓት ነው፣ በሚሊሰከንድ። ከዚያ ቨርዥኑና ዓይነቱ፣ ከዚያ 74 ቢት የዘፈቀደ። ስለዚህ ኋላ የወጣው ቁጥር በቅደም ተከተልም ኋላ ይሆናል። ዳታቤዙ አዲሱን መጨረሻ ላይ ይቀጥላል እንጂ መካከል አይሰነቅርም። የተራ ቁጥርን ሥርዓትና የቨርዥን 4ን ነፃነት አንድ ላይ አገኛችሁ። ፖስትግሬስ 18 ይህን ቨርዥን ራሱ ያመነጫል። ከዚያ በፊት ያለ ላይ በላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎ ባዘጋጀው ኮድ) ታወጡታላችሁ፤ አቀማመጡ ያው 16 ባይት ነው። ላራቬል በሚባለው የፒኤችፒ ማዕቀፍ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ላራቬል 12 ለሞዴል የሚሰጠው ዩዩአይዲ ራሱ ቨርዥን 7 ነው።

ሰዓቱን ግን ተጠንቀቁ። ሰዓቱ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከጥር 1፣ 1970 ጀምሮ ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 23፣ 1962። የታብሌቱ ሰዓት ከተሳሳተ ቅደም ተከተሉም ይሳሳታል። እኛ አገር ደግሞ ለዚህ የራሱ ምክንያት አለ። ብዙ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጁ ወደ አበሻ ሰዓት ይመልሰዋል። እኔ ያየሁት መጋዘን ውስጥ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተመዘነ በቆሎ፣ በመዝገቡ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተመዝኖ ይታያል። ሠራተኛው አላጠፋም፤ ሰዓቱ ለእሱ ትክክል ነው። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሞቶ የተነሣ ርካሽ ታብሌትም ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ይነሣል።

ደግነቱ፣ ሰዓቱ ቢሳሳትም ልዩነቱ አይጠፋም፤ 74ቱ የዘፈቀደ ቢት ይበቃል። የሚበላሸው ተራው ብቻ ነው። ስለዚህ ለሒሳብና ለክፍያ የሚያገለግለውን ቀን ከመለያ ቁጥሩ አታውጡ። የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ ሰርቨሩ የተቀበለበትም ሰዓት ለብቻው ይመዝገብ።

ሌላው፣ ቨርዥን 7 መቼ እንደወጣ ለማንም ይናገራል። ለበቆሎ ደረሰኝ ግድ የለም። አንድ ታካሚ መቼ እንደተመዘገበ መታወቅ በሌለበት ቦታ ግን ወደ ውጭ የሚወጣውን ቁጥር 4 አድርጉት።

ስለ 1 እና ስለ 5 ባጭሩ

ቨርዥን 1 የድሮ ነው። ሰዓትና የማሽኑን የኔትወርክ ካርድ አድራሻ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የሜሊሳን ቫይረስ የጻፈውን ሰው ለማግኘት ከረዱ ፍንጮች አንዱ በወርድ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ቁጥር ነበር። ይህን የማነሣው ብዙ ሰው ሳያውቅ ስለሚጠቀምበት ነው። የማይኤስኪውኤል ዩዩአይዲ የሚባለው ፈንክሽን የሚሰጣችሁ ቨርዥን 4 ሳይሆን 1 ነው።

ቨርዥን 5 ዘፈቀደ የለበትም። ያንኑ ጽሑፍ ስትሰጡት ያንኑ ቁጥር ይመልሳል። የወረቀት መዝገብ ሁለት ጊዜ በስህተት ቢገባ እጥፍ እንዳይሆን ያግዛል። ነገር ግን «ዓለሙ»ና «አለሙ» ሁለት ቁጥር ይወጣላቸዋል፤ አስቀድማችሁ ሞክሼ ፊደሎችን ወደ አንድ መልሱ።

ዩሊድና ናኖ አይዲ

ዩሊድም 128 ቢት ነው፤ 48ቱ ሰዓት፣ 80ው ዘፈቀደ። ከቨርዥን 7 ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ልዩነቱ አጻጻፉ ላይ ነው። 26 ምልክት ብቻ ነው፣ ሰረዝ የለውም፣ ሁለት ጊዜ ስትነኩት ሙሉው ይመረጣል። ከላቲን ፊደሎች አይ፣ ኤል፣ ኦ እና ዩ ተወግደዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከ1 እና ከ0 ጋር ስለሚምታቱ ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደልም ልዩነት አያመጣም። ሊንክ ላይ ወይም የፋይል ስም ላይ የሚታይ ከሆነ ደስ ይላል። ዳታቤዛችሁ ዩዩአይዲን በራሱ ዓይነት የሚያውቅ ከሆነ ግን ቨርዥን 7ን ያዙ፤ ነገ ሌላ ሰው ሥራችሁን ሲረከብ ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ናኖ አይዲ ከጃቫስክሪፕት ሰፈር የመጣ ነው። 21 ምልክት፣ 126 ቢት ዘፈቀደ፤ ከቨርዥን 4 ጋር ተመጣጣኝ ነው ማለት ይቻላል። የሚያጥረው 64 ዓይነት ምልክት ስለሚጠቀም ነው፤ ትልልቅና ትንንሽ ፊደል፣ አሃዝ፣ ሰረዝና የታች ሰረዝ። ርዝመቱንም ፊደሉንም እንደፈለጋችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ለሊንክ በጣም ጥሩ ነው። በቃል ለማንበብ ግን ፈጽሞ አይሆንም። «ትልቁ ኤስ፣ ትንሿ ኤል፣ ሰረዝ፣ አይ አይደለም የታች ሰረዝ» እያላችሁ በስልክ ስትጨቃጨቁ ካርድ ያልቃል። ርዝመቱን ለማሳጠር ከፈለጋችሁም ከላይ ያለውን የጥንድ ሒሳብ ሳትሠሩ አታሳጥሩ።

ስኖውፍሌክ የሚባልም አለ፤ ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው። በ64 ቢት ውስጥ ሰዓት፣ የማሽን ቁጥርና ቆጣሪ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ማሽን ቁጥር የሚሰጥ አካል ይፈልጋል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ከ9,007,199,254,740,991 በላይ ያለን ቁጥር በትክክል ስለማይዝ፣ እንደ ጽሑፍ ካልላካችሁት መጨረሻው ይቀየርባችኋል። በሰከንድ ብዙ ሺህ መልእክት ለሚቀበል ድርጅት የተሠራ ነው። እዚህ ያየሁት ሥራ ሁሉ አላስፈለገውም።

ሰው የሚያነበው ቁጥር

አሁን ወደ ሽማግሌው ደረሰኝ እንመለስ። ዳታቤዙ ውስጥ ቨርዥን 7 አለ እንበል። ደረሰኙ ላይ ምን ይጻፍ?

የእኔ ምርጫ አሃዝ ብቻ ነው። የላቲን ፊደል አልጨምርም። «ቢ» እና «ፒ»፣ «ዲ» እና «ቲ» በስልክ አይለዩም፤ ፊደሉን የማያውቅ ሰውም አለ። አሃዝ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ባለ 10 አሃዝ የስልክ ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ሰው 8 አሃዝ አያቅተውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ 2 አሃዝ የመጋዘኑ ታብሌት ቁጥር፣ ቀጥሎ 5 አሃዝ የዚያ ታብሌት ተራ ቁጥር፣ መጨረሻ 1 አሃዝ ማረጋገጫ። የታብሌት 41 አራት መቶ ዐሥራ ሰባተኛ ደረሰኝ 41 00417 ይሆናል። ማረጋገጫው 7 ይወጣል፤ ሙሉው 4100 4177። ታብሌቱ ቁጥሩን ከሰርቨሩ አንዴ ይቀበላል፣ ከዚያ ያለ ኔትወርክ ይቆጥራል፣ ከሌላው ጋር አይጋጭም።

ማረጋገጫው አሃዝ በሉን ዘዴ የሚሰላ ነው፤ የባንክ ካርድ ቁጥሮች የሚጠቀሙበት ነው። ከማረጋገጫው በፊት ካለው አሃዝ ጀምራችሁ ወደ ግራ አንዱን እየዘለላችሁ በ2 ታባዛላችሁ። ከ9 በላይ ከሆነ 9 ትቀንሳላችሁ። ሁሉንም ትደምራላችሁ። እዚህ ላይ 7 ሲባዛ 14፣ 9 ሲቀነስ 5። ከዚያ 1። 4 ሲባዛ 8። ከዚያ 0፣ 0፣ 1። የመጨረሻው 4 ሲባዛ 8። ድምሩ 23። ወደሚቀጥለው አሥር ለመድረስ 7 ይጎድለዋል። ማረጋገጫው 7።

ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛዋ በስልክ «አርባ አንድ፣ ዜሮ ዜሮ፣ አርባ አንድ፣ ሰባ ሰባት» ስትል፣ ሌላኛው በሚዛኑ ጫጫታ «ስልሳ ሰባት» ብሎ ቢሰማ ፕሮግራሙ ወዲያው «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ይላል። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ሁልጊዜ ይይዛል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ከተለዋወጡም ይይዛል፤ 09 እና 90 ሲለዋወጡ ብቻ ያመልጠዋል። ከሌላ ሰው መዝገብ ላይ 12 ኩንታል ከማንሳት ይህች አንዲት አሃዝ ታድናለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ታብሌት ሲበላሽ የድሮውን ዳታ ኮፒ አድርጋችሁ ወደ አዲሱ አታዙሩ። ሁለት ታብሌት በአንድ ቁጥር ከተነሣ የ417 ታሪክ ይደገማል። ለአዲሱ አዲስ ቁጥር ስጡት።

ኤክሴልንም አስቡበት፤ የሒሳብ ክፍል ውሎው እዚያ ነው። በ0 የሚጀምር ኮድ ስታስገቡ 0ው ይጠፋል፤ ስለዚህ የታብሌት ቁጥሮችን ከ10 ጀምሩ። ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ከ15ኛው በኋላ ያለው ወደ 0 ይቀየራል። በአሃዞች መካከል ኢ የሚል የላቲን ፊደል ብቻ ያለበት ኮድ ደግሞ እንደ ትልቅ ቁጥር ተቆጥሮ ይበላሻል። 8 አሃዝ፣ በ0 የማይጀምር፣ ፊደል የሌለበት ከሆነ ከሦስቱም ይድናል።

ማመንጫው መሣሪያ

ለሙከራ አምስት ስድስት ዩዩአይዲ ከፈለጋችሁ የድረ ገጽ ማመንጫ ይበቃል። ለእውነተኛ ዳታ ግን ሌላ ሰው ስክሪን ላይ የወጣ ቁጥር አትውሰዱ። ሊኑክስና ማክ ላይ ተርሚናል ውስጥ ዩዩአይዲጄን የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል ኒው ጋይድ የሚል አለው። ኢንተርኔት አይፈልጉም።

ኮድ ውስጥ ስትሆኑ ዘፈቀደው ከየት እንደሚመጣ እዩ። የጃቫስክሪፕት ማዝ ራንደም ለመለያ ቁጥር አይሆንም፤ ሊገመት ይችላል። ክሪፕቶ የሚለው ክፍል ውስጥ ያለውን ተጠቀሙ። ፓይተን ላይ ዩዩአይዲ4 ወይም ሴክሬትስ የሚባለው ሞጁል ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ቀን የበላብኝን ነገር ልንገራችሁ። አንድ መጋዘን ውስጥ ሰርቨሩን እዚያው ላፕቶፕ ላይ አድርጌ፣ ታብሌቶቹ በዋይፋይ እንዲገናኙ አደረግሁ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ይሠራል። ታብሌቱ ላይ «መዝግብ» የሚለው ሲነካ ምንም የለም። ኮዱ ያው ነው። ምክንያቱ ሲገኝ፣ ብራውዘሩ ራንደም ዩዩአይዲ የሚባለውን ፈንክሽን የሚሰጠው በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ወይም በዚያው ማሽን ለተከፈተ ገጽ ብቻ ነው። በተራ ኤችቲቲፒ ከሌላ ማሽን ሲከፈት ፈንክሽኑ ጭራሽ የለም። ጌት ራንደም ቫልዩስ የሚባለው ግን በሁሉም ይሠራል። ዩዩአይዲ የሚባለው የታወቀው ላይብረሪ በእሱ ስለሚጠቀም፣ እሱን ስጭን ተፈታ።

የትኛውንም ብትመርጡ ዳታቤዙ ላይ «አይደገምም» የሚለውን ገደብ አድርጉ። እኔ ያኔ ይህ ገደብ ቢኖረኝ፣ ሁለተኛው 417 ተቀባይነት አጥቶ ስህተቱ ያን ዕለት ማታ ይታወቅ ነበር። መዝገብ አይደመሰስም ነበር። ደግሞም መለያ ቁጥር የይለፍ ቃል አይደለም። ሊንኩ ረጅምና የማይገመት ስለሆነ ብቻ «ማን ነው የከፈተው?» ብሎ መጠየቅን አትተዉ።

እኔ ብሆን

አንድ ሰርቨር፣ የውስጥ ሥራ ብቻ ከሆነ፦ ተራ ቁጥር። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት፣ ብዙ ታብሌት ያለበት ከሆነ፦ ዩዩአይዲ ቨርዥን 7፣ ከጎኑ ባለ 8 አሃዝ የደረሰኝ ኮድ። የወጣበት ሰዓት መደበቅ ካለበት፦ ቨርዥን 4። በቴሌግራም ለሚላክ ሊንክ፦ ናኖ አይዲ፣ ርዝመቱ 21 እንዳለ። ሦስት ዓመት የሠራ ነገር ካላችሁና ካልተጋጨ፣ አዲስ ስለወጣ ብቻ አትቀይሩት።

መቀየር ካለባችሁ የድሮውን ቁጥር አታጥፉ። እኛ በአዲሱ ቴብል ላይ «የድሮ ቁጥር» እና «የድሮ መጋዘን» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨመርን። የጠፉትን ከደረሰኝ ቅጂዎቹ አንድ በአንድ አስገባን፤ ከመጋዘኖቹ ሠራተኞች ጋር ተቀምጠን አራት ቀን ወሰደብን። አዲስ ደረሰኝ ለማንም አልሰጠንም፤ ገበሬው እጅ ያለው ወረቀት እንዳለ ይሠራል። ሽማግሌው ያንን ተጣጥፎ ያለቀ ወረቀት ዛሬ ይዘው ቢመጡ፣ ሠራተኛዋ «ጅጋ፣ 417» ብላ ትጽፋለች። 12 ኩንታሉ በስማቸው ይወጣል።